መጀመሪያ አንተን የሚጠራው መሣሪያ

ውድ ሰመረ፣

እዚህ መርሳ ላይ ኔትወርክ በተመለሰ ጠዋት፣ ከፓፓያዎቹ ሥር ተቀምጬ ትተህልኝ የሄድከውን ላፕቶፕ ከፈትኩ። አስቀድሜ ያየሁት በኮምፒውተር አማርኛና ትግርኛ የሚጻፍበትን የኪቦርድ ፕሮግራማችንን ገጽ ነበር። የመጨረሻው ማሻሻያ ኅዳር ላይ ተልኳል። ከሥሩ «ሰመረ ኃይላይ» ይላል።

ኅዳር ላይ እኛ ዘንድ መብራት አልነበረም፤ ስልክም አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ወልድያን ለቀህ፣ ሚኒባሱን ደጄ ላይ አስቁመህ «ደሴ ስገባ እደውላለሁ» ካልከኝ ወዲህ ድምፅህን የሰማ ሰው የለም። ኅዳር ላይ ሥራ ከላክ ግን አለህ ማለት ነው። ገጹን እስከ ታች ሳላነብ ተነሣሁና እናትህን ለማብሰር ወደ ወልድያ ተሳፈርኩ።

በመንገዱ ሁሉ በሕልሙ እንደሚሄድ ሰው ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ተራራው ሲያልፍ አንተ በማላውቀው ከተማ ተቀምጠህ፣ ሻይህ ቀዝቅዞ፣ ጎንበስ ብለህ ስትጽፍ አየሁህ። ሲሪንቃን ስናልፍ ነው አንተ ኮምፒውተር ላይ የሠራኸው መሣሪያ ትዝ ያለኝ።

የኪቦርዱን ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር ማውረድ፣ ለተጠቃሚዎች በሚመች ጥቅል ማዘጋጀት፣ መፈተሽና መላክ ያንተ ድርሻ ነበር። ሰለቸህ፤ ይህን ሁሉ ራሱ የሚሠራ መሣሪያ ሠርተህ ውጭ አገር ባለ፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ላይ አስቀመጥከው። እኔ ጥቃቅኑን ጥገና ራሱ ይላክ፣ ፊደል የሚነካ ለውጥ ሲመጣ ግን ቆሞ ሰው ይጠይቅ ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

«ቲቸር» አልከኝ እየሳቅህ፣ «አንቱ እኮ ማሽኑንም እጁን አውጥቶ እንዲጠይቅ አደረጉት።»

ግን እንዳልኩህ አደረግኸው። መጀመሪያ በስምህ መልእክት ልኮ አንተን ይጠራል፤ አንድ ሳምንት ዝም ካልክ ወደ እኔ ይመጣል።

የኅዳሩ ማሻሻያ ጥቃቅን ጥገና ነበር። የላከው መሣሪያው ነው፣ በስምህ። ገበሬው ቦዩን ከፍቶ ቢሄድም ውሃው ፓፓያውን ማጠጣቱን እንደማይተው ማለት ነው።

ወልድያ ስወርድ ባጃጅ አልያዝኩም፤ መንገዱ እንዲረዝምልኝ ፈልጌ በእግሬ ሄድኩ። እናትህ ፍረወይኒ በር ላይ አገኘችኝ። ፊቴን አይታ ወሬ እንዳለ አወቀች። ተስፋዬንም ስሕተቴንም በቅደም ተከተል ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ልጄ እንደሌለ አያውቅም ማለት ነው?» አለች፣ ስለ መሣሪያው።

«አያውቅም። ትልቅ ነገር ሲመጣ ይጠራዋል፤ ይጠብቀዋል።»

«እንደኔ ነዋ» አለች። ቆይታም፣ «እባክዎ ጋሽ ኑርሁሴን፣ መጥራቱን እንዳያስተዉት።»

ቤቴ ተመልሼ በጥድፊያ የዘለልኩትን አነበብኩ። ፊደል የሚነካ አዲስ እትም መጥቶ መሣሪያው አንተን ጠርቷል፣ ከዚያ እኔን ጠርቷል፤ ሁለታችንም ዝም ብለናል። ጥቅሎቹን ለተጠቃሚ የሚያደርሱት አከፋፋዮች ደግሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ ካልመጣ ኪቦርዱን ባለቤት የለውም ብለው ከዝርዝራቸው ሊሰርዙት ነው። እኔ ከተረከብኩት ያንተ ስም እንዲነሣና የኔ እንዲገባ ይመክራሉ።

እትሙን ፊደል በፊደል በጣቴ ፈተሽኩት። መሣሪያው ደህና ነው ብሎት ነበር፤ የትግርኛውን ቐ ስነካ ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ወጣ። ይህን ፊደል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ድምፁ አልወጣ ሲለኝ፣ «ቁርኣን ሲቀሩ ከጉሮሮ የሚያወጡት ድምፅ አለ አይደል፣ ወደ እሱ ያስጠጉት» ብለህ ስቀህብኛል። ስሕተቱን አስታርሜ አጸደቅኩት። ኪቦርዱ ተረፈ።

ስምህን ግን አላነሣሁም። አከፋፋዮቹ አንተን በመጠበቅ በየጊዜው አንድ ሳምንት በከንቱ ይባክናል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተጠቃሚ ይጠብቃል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስም ጠርቻለሁ። ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ ተማሪ ቀሪ ይባላል እንጂ ስሙ አይፋቅም ብዬ ጻፍኩላቸው። ሳምንቱን ተዉልን።

አሁንም አዲስ ነገር ሲመጣ መሣሪያህ መጀመሪያ አንተን ይጠራል። በዚያ ሳምንት እኔ ከፓፓያዎቹ ሥር እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ፤ እናትህም ወልድያ ሆና ታውቃለች፣ እነግራታለሁና። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ቀና እላለሁ።

ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። ስምህ ሲጠራ አቤት በል፣ ልጄ።

ከስምህ ቀጥሎ ያለሁት፣
ኑርሁሴን
መርሳ፣ ግንቦት 2014