በሙት ዓመት ማዕድ ላይ ስለተቋረጠው ዳታ

ለደሴቶች የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት
ለደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ
ደቡብ ጆላ

ቀን፦ መስከረም 24

ጉዳዩ፦ የዳታ ገደቡ ለአንድ ምሽት እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በደሴቷ ላይ ለምግብ የሚሆን የባሕር ቅጠል በማድረቅ የምተዳደር ስሆን፣ አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1. ባለቤቴ አቶ ኩ ፓንሶክ ባረፉ ጊዜ አንድ ልጃችን ዮንግቼ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ስለነበር አባቱን አልቀበረም። ስለዚህ አምና በሙት ዓመታቸው የእሳቸውኑ ስልክ ለእሳቸው ካቀረብሁት ማዕድ ፊት አቁሜ፣ ልጄ በቪዲዮ ጥሪ እንዲሰግድላቸው አደረግሁ። የስልኩ የዳታ ጥቅል ለአረጋውያን የሚሸጠው ትንሹ ነው።

2. እንደሚታወቀው በልማዳችን የሟች መንፈስ መጥቶ ከማዕዱ ሲመገብ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ዘጠኝ ማንኪያ ሩዝ የሚያስበላ ጊዜ ይበቃል ይባላል። ባለቤቴ ግን በሕይወት ሳሉም ቀስ ብለው ነበር የሚበሉት። ልግባ ስል እህታቸው «ተይው ይብላበት፣ ምን አስቸኮለሽ!» አለችኝ፤ ደጅ ተቀምጠን ቆየን። ስልኩን ያስታወሰ የለም። ስንመለስ ዳታው አልቆ ልጄ የመሰናበቻውን ስግደት ሳይሰግድ ጥሪው ተቋርጧል።

3. ቀጥሎ «ትርፍ አጠቃቀም» የሚል ሒሳብ መጣብኝ። ስደውል ሠራተኛዋ «እማማ፣ በዚያ ሰዓት ማን ነበር የሚጠቀመው?» አለችኝ። መዋሸት ነውር ነውና «ባለቤቴ ብቻ ነበሩ» አልኳት። «እንግዲያው ትክክለኛ አጠቃቀም ነው» ብላ መዘገበች።

4. ገደቡ ከፍ ይበልልኝ ብል፣ ውሉ በባለቤቴ ስም ስለሆነ ራሳቸው መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ ተባልኩ። አርፈዋል ስል ደግሞ «እንግዲያውስ መስመሩ ይዘጋል፤ አዲስ ቁጥር ያውጡ» አሉኝ። ኧረ በሕግ አምላክ! ልጄ ወደብ በደረሰ ቁጥር የሚደውለው በዚህ ነው፤ በስልኩ ላይ እስከ ዛሬ «አባባ» ብሎ ነው የያዘው። ይህን ቁጥር ለማዘጋት አንጀቴ እሺ አላለኝም።

5. ሒሳቡን ከፍያለሁ፤ በባለቤቴ እራት ላይ አልከራከርም። የዘንድሮው ሙት ዓመት በመጪው ወር መጀመሪያ ላይ ይውላል። ለዚያች ምሽት ብቻ መስመሩ እንዳይቋረጥብኝ እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ የውሉን ስም እንደ ደንቡ አድርጉት። ልጄ አባቱን ሳይሰናበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የቀረው አንድ ስግደት ነው፤ ብዙ ዳታ አይፈጅም።

እጅ ነስቼ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ወይዘሮ ፒዮ ጆምርዬ