ለአንድ ሽማግሌ ተጫዋች የተመረጠ ፕሮሰሰር

የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለተከበርሽው የቡድናችን አዛዥ፣ ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፤

ሥርዓቱ ቢጠበቅ ኖሮ ሰላምታዬ በመጀመሪያ ለወላጆችሽ በደረሰ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የጌም ጉዳይ ስለሆነ፣ በጌሙም ውስጥ ከአንቺ የሚበልጥ ባለሥልጣን ስለሌለ፣ አስቀድሜ ለአንቺ፣ ቀጥሎ ለእናትሽ ለልጄ፣ ከዚያም ለአባትሽ፣ በመጨረሻም በጨዋታ መሃል ኪቦርድሽ ላይ ለሚተኛው ድመት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አያትሽ ደህና ናት። እኔም እርሷ ደህና ነህ እስካለችኝ ድረስ ደህና ነኝ።

የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። በስልክ ላመሰግንሽ ብጀምር "እሺ አባባ፣ ቻው" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም።

እንደምታውቂው፣ ሐኪሙ ልቤ ረጅም በረራ እንደማይችል ከነገረኝ ወዲህ ወደ እናንተ የመምጣቴ ነገር ቀርቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንቺና ከጓደኞችሽ ጋር የምጫወትበት ሰዓት ለእኔ ከጨዋታ በላይ ነው፤ የምገናኝሽ በእርሱ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሬ በውጊያው መሃል እየቆመ ቡድኑን ለጥቃት ሲያጋልጥ፣ ያ ድምፀ ወፍራም ጓደኛሽ "አያትሽን እንተካቸውና ሌላ ሰው እናስገባ" ሲል ሰምቻለሁ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። አንቺም "እሱ ካልገባ እኔም አልገባም። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ እንጂ የሱ አይደለም" ስትዪው ሰምቻለሁ። በአፈ ጉባኤነት ባገለገልኩበት ዘመን ብዙዎች ተከራክረውልኛል፤ በእንዲህ ያለ አጭር ንግግር የረታልኝ ግን አላስታውስም።

በማግስቱ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ልናስቀይር ከአያትሽ ጋር ኮምፒውተር መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ "ምን ዓይነት ፕሮሰሰር ልስጥዎ?" ቢለኝ፣ እንደለመድኩት "ከሁሉም የበላይ የሆነውን" አልኩት። ዓይኑ በራ፤ ሃያ አራት ኮር ያለውን ከመስታወት ሣጥን አወጣ። ይሄኔ አያትሽ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ "አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቃት" አለችኝ። ደወልንልሽ።

"አባባ፣ ፊልም ልትሠራ ነው እንዴ?"

"ኧረ ልጫወት ነው።"

"ታዲያ ሃያ አራት ኮር ምን ያደርግልሃል? ኮር ማለት እንደ ምክር ቤት አባል በለው። ጌም ሁሉንም አያሠራም፤ ጥቂት ፈጣን ፈጣኖቹን ነው የሚፈልገው። የቀሩት ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ!"

ባለሱቁ ሳቁን መያዝ አቃተው። አያትሽማ "ይህችን ልጅ ያኔ ብናገኛት ኖሮ ስብሰባህ በጊዜ ያልቅ ነበር፤ ራትህም አይቀዘቅዝብህም ነበር" ብላ ሱቁን ሁሉ አሳቀችብኝ። ቀጥላም ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "ለእኔስ? የሰፈሩን ማኅበር ደብዳቤ የምጽፍበት፣ ከእህቶቼ ጋር በቪዲዮ የማወራበት ይኸው ኮምፒውተር ነው። እንደ ወፍጮ እየጮኸ እንዳያደነቁረኝ" አለችሽ። አንቺም ስምንት ፈጣን ኮር ያለውን፣ ሙቀቱም አነስ የሚለውን አስመረጥሽን። "ለእማማ ሥራ ይተርፋል፤ ቶሎ ስለማይግልም ማራገቢያው አይጮህም። የተረፈውን ብር የጌሙን ምስል የሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ ላይ አውሉት" አልሽ። ሁለታችንንም አስታረቅሽን።

አዲሱ ፕሮሰሰር በአሮጌው መሰኪያ ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ በሚሉት፣ ላይ ስለማይገጥም፣ ባለሱቁ ሁለት ማዘርቦርዶች አቀረበልን። ርካሹ ከዚህ ወዲያ የሚወጡ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ ሌላው ይቀበላል። ሰውዬው በቅንነት "አባቴ፣ ለእርስዎ እንኳ ርካሹ ይበቃዎታል" አለኝ። እጄን ወደ ርካሹ ዘረጋሁ። አንቺ ግን በስልኩ ውስጥ "አይ አይ፣ ሁለተኛውን! ከአራት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ እንቀይርለታለን" አልሽ፤ እንደ ቀላል ነገር። አያትሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም "ሁለተኛው ይሁን" አልኩ።

ልጄ፣ ከሁሉ በላይ የማመሰግንሽ ስለዚህች ቃል ነው።

ትናንት የሆነውን አይተሻል፤ ማሽኑ አንዴም አልቆመም። ድምፀ ወፍራሙ ጓደኛሽ "ቆይ፣ ይሄ ማነው? አያትሽን ተካሻቸው እንዴ?" ሲል ምን ያህል እንደኮራሁ አልደብቅሽም። ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ፤ ሁለቱም በራሴ ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እናንተ ከጨዋታው ከወጣችሁ በኋላ አያትሽ መነጽሯን አድርጋ መጣችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። "የቱን ስጫን ነው የሚሮጠው?" አለችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኋትም። እጇን በእጄ ይዤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ግድግዳ እየገጨች ቢሆንም መሮጥ ችላለች። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ግማሹን ሰዓት እርሷ ትጫወታለች፤ የቡድኑ አዛዥ እንድትፈቅጂልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ስትሳሳት ታገሻት፤ እኔን እንደታገሥሽኝ።

ስላደረግሽልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡድንሽ በመጪው ውድድር ድል እንዲቀናው፣ ትምህርትሽም እንዲሠምር ከልብ እመኛለሁ። እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ
አያትሽ