ሽንኩርቱ የጠጣው ውሃ

ሚያዝያ 19 ቀን 1976

ሚዛን ከተማ እንደ ልማዷ ዝናብ ላይ ናት። ከማስተምረው አሥራ አንደኛ ክፍል ግማሹ ጭቃውን ይዞ ገባ። ቀይና ነጭ ክር ይዤ ሄጄ ነበር። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ክሮሞሶም... ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፣ በመቀስ ቆረጥኩ፣ የቀዩን ቁራጭ ከነጩ፣ የነጩን ከቀዩ ቋጠርኩ። “ዲ ኤን ኤ እንዲህ ቁራጭ ይለዋወጣል። እህትሽን ቁርጥ የማትመስይው ለዚህ ነው” አልኳት አንዷን። ሳቁ።

ማናልሞሽ፣ ያቺ ከሸዋ ቤንች መንደር የምትመላለሰው ዝምተኛ ልጅ፣ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ሲለዋወጡ ቢሳሳቱስ?”

“ብዙም አይሳሳቱም” ብዬ አለፍኩት። ደወሉ አዳነኝ እንጂ አስቤበትም አላውቅ።

ሚያዝያ 23

የሠራተኞች ቀን። ሰልፍ፣ መፈክር፣ ዝናብ። ጎረቤቴ ውድነሽ ከቡና እርሻው ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ተሸለመች። ሁለት ቢጫ ጀሪካን! አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። አይሆንም ብል መቼ ሰማችኝ? ክዳኑ ያልጠፋ ጀሪካን እዚህ አገር ማን ያገኛል... ከምንጩ ሞልቼ አመጣሁ።

ሚያዝያ 27

ውድነሽ መጣች። ቁጭ አለች። ከዚያ፣ “አርግዣለሁ።”

አራተኛ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ባሏ ከፈለኝ ዘማች ነው፤ ገና አልሰማም። እሷ ደግሞ የቡና በሽታ መድኃኒት ከሚረጩት ናት፣ ፓምፕ ተሸክማ ነው የምትውለው።

“መድኃኒቱ ልጄን ይነካዋል ወይ?”

የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጠይቃው ነበር። “አፍሽን ሸፍነሽ ሥሪ” ብሏታል። እኔስ ምን አውቃለሁ? ግን ሽንኩርት ያውቃል... ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሙከራውን ሠርተነዋል። የሥሩ ጫፍ ላይ ያሉት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ይከፈላሉ። መርዝ የክሮሞሶሙን ክር ከበጠሰው በማይክሮስኮፕ ይታያል። “ትንሽ ቀን ስጪኝ” አልኳት።

ግንቦት 1

ስድስት ሽንኩርት በስድስት የሻይ ብርጭቆ፣ መስኮት ላይ። ሦስቱ ውድነሽ ባመጣችልኝ፣ ከፓምፑ በተረፈ መድኃኒት። ሦስቱ ለማነጻጸሪያ፣ ከጀሪካኔ በቀዳሁት ንጹሕ ውሃ። አከራዬ ዙሌይካ አይታ “ደግሞ ለሽንኩርት ሻይ መጋበዝ ጀመርሽ?” አለችኝ።

ግንቦት 5

ሥር አውጥተዋል። ፀሐይ የለም። የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ብርሃን የሚለቅመው በመስታወት ነው። መጠበቅ...

ግንቦት 7

አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣ። ጫፉን ቆርጬ አቼቶ ውስጥ ነከርኩ፣ ከጤና ጣቢያ በለመንኩት ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የቁስል መድኃኒት ቀባሁት። ከሁለቱም ወገን በመከፈል ላይ ያለ መቶ መቶ ሴል ቆጠርኩ። ከመድኃኒቱ አሥራ አንዱ ክራቸው ተበጥሷል። ከውሃው ዘጠኙ። ልዩነት የለውም!

ሮጬ ሄድኩ። “ከውሃ አይለይም፣ ሥራሽን ሥሪ!” አቀፈችኝ። ለሰው እንዲህ የጠቀምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ግንቦት 22

ለክፍል ማሳያ አንድ ሽንኩርት ትምህርት ቤት አስቀምጬ ነበር፣ ከጣሪያ በወረደ የዝናብ ውሃ። ዛሬ መቶ ቆጠርኩ። የተበጠሰ አንድ ብቻ። ደግሜ ቆጠርኩ። አንድ።

ታዲያ የኔ ውሃ ዘጠኝ...? ዘጠኝ እኮ ለውሃ ብዙ ነው። እንዴት አላየሁም? የፈለግሁትን ነው ያየሁት።

ቤት ገብቼ ጀሪካኑን አሸተትኩት። ምንም። ውድነሽን ጠራኋት።

“ይሄ ምን ነበረበት?”

“መድኃኒቱ ነዋ! በአመድ ሦስቴ አጥቤዋለሁ። ምነው?”

አልደበቀችም። እኔም አልጠየቅሁም። የከተማው ግማሽ ውሃ የሚቀዳው በእንዲህ ያለ የመድኃኒት ጀሪካን ነው።

መሳሳቴን ነገርኳት። ሁለት ሳምንት በኔ ቃል ስትረጭ ቆየች፤ ቤቷም የምትጠጣው ከዚያው ከሌላኛው ጀሪካን ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 24

ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። “አሳዪኝ።”

በማይክሮስኮፑ አሳየኋት። የሚከፈለው ሴል ሁለት ግማሾች እየተለያዩ ነው፣ መሀላቸው አንድ ክር ተወጥሮ ቀርቷል። “ይሄ ለምንድነው የማይላቀቀው?” አለች። የማናልሞሽ ጥያቄ! ዛሬ መለስኩ። ክር ሲበጠስ ሴሉ ይጠግነዋል፣ ከጓደኛው ቁራጭ እየተዋሰ። ልውውጡ ለመልክ ብቻ አይደለም። መርዝ ሲበዛ ግን ጥገናው አይደርስም፤ ያለቦታው ይቋጠራል።

“የኔም ልጅ እንዲህ ነው?”

“አላውቅም። የማውቀው የሽንኩርቱን ነው።”

እንደገና ጎንበስ ብላ አየች። “እንኳን አላውቅም አልሽኝ” አለች።

ግንቦት 27

ለአለቃዋ ለጓድ ተረፈ የሽንኩርቱን ነገር ራሷ ነገረችው። ወደ ችግኝ ጣቢያ አዛወራት፤ ኮከብ ሠራተኛ እንቢ አይባልም። የጀሪካኑን ነገር ስታነሳ ግን “የአብዮቱን ሽልማት ስም ታጠፋላችሁ!” ብሎ ተቆጣ። እኔ ፈራሁ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ከተባለ... እሷ ሽልማቷን ደጅ አውጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሚስማር በሳችው። ተከትዬ የኔንም አመጣሁ።

ሐምሌ 9

ዙሌይካ የዘይት ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። “ይሄንንም ሽንኩርት አስጠጪልኝ።” ከሰፈሩ አራተኛዋ ናት። ብርጭቆ አልቆብኝ ሻይ በጣሳ ነው የምጠጣው።

መስከረም 24 ቀን 1977

ውድነሽ ዛሬ ጠዋት ወለደች። ሴት። ደህና ናት... ደህና ትመስላለች። ውስጧ ያለውን ክር ማን ያያል? ትንሽ ናት፣ ድምፅዋ ግን ግቢውን ሞላው። አቅፌያት አለቀስኩ።

አዋላጇ እማማ በየነች ልታጥባት ተቀበለችኝ። ውሃውን አነሳች። ውድነሽ፣ ዓይኗን እንኳ መግለጥ ያቃታት፣ ከተኛችበት እጇን ዘረጋች።

“ቆይ፣ እማማ። ውሃው በምን ተቀዳ?”

“በእንስራ፣ ልጄ።”

ዓይኗን እንደምንም ገልጣ ወደ እኔ ዞረች። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁላት።

“እሺ” አለች። “እጠቧት።”