በቀትር የሚያነብ ማሽን

ሰኞ፣ ሰኔ 4

ጥፋተኛው አቶ በዛብህ ነው። ኋላ ሰው ሌላ ቢያወራ እንኳ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ሥራው የተጻፈበት ሦስት ሣጥን የተበሳሳ ካርድ አስጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ ወደብ በአውሮፕላን መጣ። የመርከብ ዕቃ የሚመዘግብልንን ኮምፒዩተር አዲስ ሥራ ሊያስተምረው ነው። ማሽኑ ካርዶቹን አንብቦ መጀመሪያ ወደ ራሱ ቋንቋ መተርጎም አለበት አሉ። ዛሬ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል አጓራ፣ ጋለ፣ የሚይዝበት አእምሮ ሞላና ቆመ። ማተሚያው አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ። ደግመው አስነሡት፤ ያው።

አቶ በዛብህ ላቡን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። "እማማ ዘነበች፣ ወለሉን በውሃ ነው የሚያጥቡት?" አለኝ። በጨመቅሁት ጨርቅ ነው የምወለውለው አልኩት። ለሥራ አስኪያጁ የነገረው ግን ሌላ ነው፤ ካርዱ በእርጥበት አብጦ ነው፣ የሴትዮዋ ውሃ ነው አለ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ እኔ ልሰናበት ነው።

አሥራ አምስት ዓመት የሾፌር ልብስ አጥቤያለሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ከጽዳቱ ጋር ካርድ መደርደር ተጨመረልኝ። ያበጠ ካርድ በጣቴ አውቃለሁ። እነዚህ አላበጡም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት አሰብ ትተኛለች። ውሻ እንኳ አይታይም። እኔ ግን ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ በቀትር አይገባበትም። ስለዚህ ማሽኑ ክፍል ነው የምውለው። ለሰው ያልተገዛ ቀዝቃዛ አየር እዚያ አለ።

ዛሬ አቶ በዛብህ ማሽኑን አስነሥቶ ሊተኛ ሲሄድ ጠብቂ ተባልኩ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። ጣቢያ አይደለም የሚከፍትበት። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ሲያደርገው የማሽኑን ሥራ በድምፅ ያወጣል። "ድምፁ እየተለዋወጠ ከሄደ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ተጨናንቋል ማለት ነውና ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ" ብሎኝ ሄደ።

መጀመሪያ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ነበር። ቆየት ሲል ሰው የሚያነብ መሰለኝ። ቃል አይደለም፣ ቃል ነው አላልኩም። አነባበቡ ነው። ቆጠር ቆጠር እያደረገ ይሄዳል፣ እንቢ ሲለው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል። በስተርጅና የሚማር ሰው እንዲህ ነው የሚያነበው። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ማቃሰት ጀመረ። አንድ ነገር፣ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር። ቀዩን ተጫንኩ።

ለካ ከንፈሬ አብሮት ይንቀሳቀስ ኖሯል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

የተሞከረውን ልጻፍ።

ወለሉን ሁለት ቀን ጨርቅ አላስነካሁትም። ቆመ።
ካርዱን ሌሊቱን በደረቅ ቁም ሣጥን አሳደርነው። ቆመ።
መብራት የሚሰጠንን ሞተር የሚጠብቀው ዓሊ ትልቅ ቬንትሌተር አምጥቶ ከጎኑ አቆመለት። ሙቀቱ ቀነሰ፤ እሱ ግን ቆመ።

ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቆመው። ሦስተኛው ሣጥን፣ ከፊቱ አራት ጣት ገባ ብሎ። በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

ዓሊ "ወላሂ ዘነበች፣ ጂኒ አለበት። ደግሞ ወዶሻል" አለኝ። ከአንተ የባሰ ጂኒ አላየሁም አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

አራቱን ጣት ለአቶ በዛብህ ነገርኩት። ቀና ሳይል "አዲስ አበባ እስከ መጨረሻው ተርጉሞታል" አለ። የአዲስ አበባው ማሽን ከዚህ ጋር እኩል ነው ወይ አልኩት። እርሳሱን ነከሰ። "ያኛው አእምሮው ሰፊ ነው" አለ በመጨረሻ።

እንግዲህ የኔ ውሃ የት አለ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 7

ጠዋት ለአቶ በዛብህ ነገርኩት። የአሥር ሾፌር ቱታ በአንድ ሳፋ ብታጭቀው ውሃው ጠቁሮ ይቀራል እንጂ ልብሱ አይነጻም። ሳፋው ትንሽ ከሆነ ከፋፍሎ ማጠብ ነው፣ ሲደርቅ በአንድ ማጠፍ ነው አልኩት። "እማማ፣ ይሄ ልብስ አይደለም" አለኝ። አብረውት ያሉት ጸሐፊዎች ሳቁ።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲከፋፍል አገኘሁት። ክፍሉን ሁሉ ለየብቻ አስተርጉሞ በኋላ ሊያጋጥመው ነው። አላየኝም፤ ወይም አላየሁም አለ።

ዐርብ፣ ሰኔ 8

ዛሬ ጽሕፈቴ አያምርም።

ጠዋት አንደኛውና ሁለተኛው ሣጥን ሳይቆም አለፉ። ሦስተኛውን ለሁለት ከፍሎት ነበር። በስድስት ሰዓት የመጀመሪያውን ግማሽ አስጀምሮልኝ ሊተኛ ሄደ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። ሲያነብ እንዲህ አምሮለት አያውቅም። ያ እንቢ ይለው የነበረው ቦታ ላይ ደረሰ፣ ጥቂት ቆመ፣ አለፈው። ሥራዬ ተረፈ አልኩ።

ከዚያ አንገቴ ላይ ላብ ሲወርድ ተሰማኝ። ቀዝቃዛው አየር የለም። የቬንትሌተሩ ክንፍ ቆሟል። የማሽኑ መብራቶች ሁሉ ጠፍተዋል። እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ አይንቀጠቀጥም።

ራዲዮው ያነባል።

አንሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። እዚያ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። መልሼ ወደ ክፍሉ ሳስገባው ካቆመበት ቀጠለ። ለመዝጋት ፈራሁ። ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ዓሊ በስምንት ሰዓት እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ መጣ። "መብራት በሌለበት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሞተሩ ከስድስት ተኩል ጀምሮ ሞቶብኛል" አለኝ። ስድስት ተኩል ላይ ማሽኑ ገና የመጀመሪያዎቹን ካርዶች ነበር የሚያነበው።

መብራት ሲመጣ አቶ በዛብህ ያንኑ ግማሽ እንደ አዲስ አስነበበው። አለፈ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን የት እንደሚያዘግም፣ የት ቆም እንደሚል፣ የት እንደሚያልፈው አንድ በአንድ አውቀው ነበር። በቀትር የሰማሁት ይኼንኑ ነው። ገና ሳያነበው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9

ቀሪው ግማሽ አለፈ። ተጋጠመ። ሠራ። ሥራ አስኪያጁ የአቶ በዛብህን እጅ ጨበጠ። "አእምሮው ጠባብ ስለሆነ ከፋፈልኩት" አለው አቶ በዛብህ። ከፋፈልኩት! ይበል። "እርጥበት አልነበረም" የሚለውንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። ለእኔ የተዘጋጀው የስንብት ወረቀት እፊቴ ተቀደደ። ይኸው ይበቃኛል።

አቶ በዛብህ ሊሄድ ሲል ጠራኝ። "ሰኞ አራት ሣጥን ይመጣል። በቀትር እርስዎ ያዳምጡልኝ፣ ከኔ ጆሮ የእርስዎ ይሻላል" አለ። ራዲዮ የሰማውን ድምፅ ይዞ ያቆያል ወይ አልኩት። አያቆይም ብሎ ሳቀ፤ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። "ምን ሰሙ?" አለኝ። ምንም አልኩት። በእርጥበት ያላስወጡኝን በእብደት እንዲያስወጡኝ ነው?

ጠዋት ካርዱን እደረድራለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ፣ በስድስት ሰዓት የክፍሉን በር ቁልፍ ለዓሊ ሰጥቼ ቤቴ እገባለሁ አልኩት።

"ቤትዎ እኮ እሳት ነው" አለኝ።

ይሁን። ቆርቆሮው ይጥበሰኝ። ከእንግዲህ በቀትር እዚያ ክፍል ብቻዬን አልቀመጥም።