ያላጠፋኸው ሰነድ

ሰኞ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። ኸምሲኑ፣ ያ የበረሃ ነፋስ፣ አሸዋውን በመስኮት እየረጨብን ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤቴ ሩቅያ ብቻ ነን። እሷ ነገ ከቀትር በኋላ ወደ ድሬዳዋ ስለምትሳፈር ይህን ይዛልህ ትመጣለች።

ወንድሜ ጀላሉዲን፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምክ? ወገብህ ተሻለህ? የእናታችንስ ጉልበት? ሥራስ አገኘህ ወይስ ያ «ፋይል አጥፊ» የሚል ስም አሁንም በየትራንዚት ቢሮው ቀድሞህ ይገባል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ዛሬማ ከደህናም ደህና ነኝ።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ የቢሮ ፕሮግራም ለሁሉም ኮምፒውተሮች ተላከና ሁሉም በየራሱ ቁልፉን እየተጫነ አሳደሰ። የዓቢዳ ማተሚያ አልታዘዝ አለ፤ የሌላው የአማርኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆነ። እኔም አንተ በነበርክበት ሥራ ላይ ሆኜ፣ ከዚህም ከዚያም በለቃቀምኳት እውቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስል የክፍል ኃላፊው የሙሚን ጩኸት ተሰማ። ያ ባለፈው እድሳት ጊዜ «ጀላል ፋይል አጥፍቷል» ብሎ ያስባረረህ ሙሚን! የዓመት ሰነዱ በሙሉ የለም።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሱሪያ መጥታ ማን ነካው አለች። «እኔው ነኝ ቁልፉን የተጫንኩት፤ ግን ወላሂ አላጠፋሁም፣ ማሽኑ ነው የዋጠው» አለ ሙሚን። እኔ ቀስ ብዬ ጀላልም እንዲሁ ብሎ ነበር አልኩ። «አቦ ማይሙና፣ የሞተ ነገር አትቀስቅሺ» አለኝ። ወንድሜ አልሞተም አልኩት።

ሰነዱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ሲታደስ ሰውየውን በአዲስ የተጠቃሚ ስም ያስገባዋል፤ ሥራው በአሮጌው ስም ስር ይቀራል። ያንተንም አንተ ከሄድክ በኋላ እዚያው ነበር ያገኘሁት። ያኔ ለሙሚን ብነግረው «ዝም በይ፣ ያለፈው አልፏል» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አላወጣሁለትም። ነገ እናያለን አልኩት። አንተ ያደርክባትን ሌሊት እሱም ይደርባት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለከውሰር ሰላም በልልኝ፤ ልጅህን ዘይድን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ። አክስታችን ማታ ማታ በዱዓዋ እንዳትረሳኝ።

እህትህ ማይሙና፣ አርሂባ፣ ጅቡቲ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ደብዳቤውን ሳላሽገው። ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። በመጀመሪያ የዓቢዳን ማተሚያ አስተካከልኩ፤ ከዚያ የሌሎቹን ሁሉ። ሙሚን ዓይኑ ቀልቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ሱሪያን ጠርቼ በሙሚን ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አሮጌውን ስም ከፈትኩ። ሁሉም አለ። የጀላልም እዚሁ ነበር፣ ሙሚንም ያውቃል አልኩ። ታውቅ ነበር? አለችው። ወደ እኔ ዞረ። ይቅርታ ሊለኝ ሲጀምር ለእኔ አይደለም ብዬ ቁጥርህን ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩለት፤ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁላችንም ባለንበት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍተህ ደውልለት አልኩት። ሱሪያም ይደውል አለች።

ሐሙስ ስልክህ ሲጠራ እሱ ነው። መጀመሪያ አታንሳው። ሁለተኛም አታንሳው፤ ቆመን እያየነው ትንሽ ያልበው።