በእኔ ዓይን የተስተካከለው መሣሪያ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን
ከቤተ ሙከራው፣ በምሳ ሰዓት

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን ዛሬ መዋሸቱም ደከመኝ።

ስለ ሥራዬ በጠየቅኸኝ ቁጥር «ሰው ዓይን ላይ ማፍጠጥ ነው» እያልኩ እቀልድብሃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃደኞች የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዱና አገጫቸውን ማሳረፊያው ላይ አድርገው ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትዘል ነጥብ በዓይናቸው ይከተላሉ። መድኃኒቱ ያልለቀቀው ሰው ዓይኑ ወደ ነጥቧ የሚሄደው እየተንቀራፈፈ ነው። ነቅቻለሁ ብሎ ቢምል ቢገዘት ዓይኑ ያሳብቅበታል። ፍጥነቱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ማንንም አናሰናብትም።

ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን ለማስተካከል መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እኔ መድኃኒት አልነካማ! ከሁለት ወር በፊት ታዲያ የዓይኔ ፍጥነት ቁጥር አሽቆለቆለ። ዶክተሩ እኔን መጠርጠር የት ሊመጣለት፣ «ይሄ ማሽን አርጅቷል» አለና ቴክኒሻን አስጠራ። ቴክኒሻኑም ቁጥሬ እንደ ድሮው እስኪሆን ድረስ ሲነካካው ዋለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ውሃ አቀብለው ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

እማዬ ያረፈች ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከፋርማሲህ የላክልኝ ኪኒን ለአሥር ቀን ነበር። ይኸው ዓመት አለፈው። በየወሩ «እትዬ፣ አሁንም?» ትለኛለህ፤ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» እልሃለሁ፤ ታምነኛለህ። ከሁለት ወር ወዲህ አንዷ ሁለት መሆኗን አልነገርኩህም።

ማክሰኞ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መጥተው ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። «እኔን ለመመርመር ሚስቴ ከዚህ ማሽን ትበልጣለች» እያሉ ሲያስቁን ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ዓይናቸው ደህና ነው አለ፣ እኔም ፈረምኩ። ደረጃውን ሲወርዱ የመጨረሻዋን ሳቷት፤ ግድግዳው ባይኖር በግንባራቸው ነበር የሚወድቁት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ጫማዬ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ወዴት ነዎት?»

«ወደ አውቶቡሴ ነዋ! ተረኛ ነኝ። ማሽንሽ ደህና ነህ ብሎኝ የለ?»

እጅጌያቸውን ይዤ ወደ ላይ መለስኳቸውና ዶክተሩ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ፣ ያዘገመው የእኔ ዓይን እንደነበር፣ እሱን ፈጣን ለማስመሰል ማሽኑ የሰውን ሁሉ ዓይን ፈጣን አድርጎ እንዲያነብ እንዳደረግነው። ዶክተሩ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ «ሁለት ወር ሙሉ ያሰናበትናቸው ሰዎች...» አለ።

አርባ አንድ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ አንድ በአንድ እየደወልኩላቸው ነው። ሃያ ስድስቱ አንስተው ደህና ነን ብለውኛል። አሥራ አምስቱ ገና ናቸው፤ ከምሳ በኋላ እቀጥላለሁ። ሥራዬ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም። በምን ዓይኔ አይቼው ልጠይቅ?

ኪኒኑን በአንድ ጊዜ መተው አደገኛ ስለሆነ ሐኪም እየቀነሰ ሊያስተወኝ ይዟል፤ የምወስዳትን የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነው። አንተ ራስህን እንዳትወቅስ። ስላሳዘንኩህ ነው የላክኸው፤ አውቃለሁ። ጤናህን ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የእማዬ ምርቃት ሁሉ ለአንተ ይሁን።

ከእንግዲህ ግን አንዲት ፍሬ እንዳትልክልኝ። ደውዬ አለቅስብህ ይሆናል። በእማዬ ነፍስ እለምንሃለሁ፤ ጨካኝ፣ ወንድም አይደለህም እልሃለሁ። እንዳትሰማኝ። ስልኩን ግን አትዝጋብኝ።

እትዬህ