ክንድ ደግፎ መስጠት

እሑድ፣ ሜይ 10
ሙቀት። ባግሩቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ስምንት ቀን ቀረው፤ ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ሒሳብ ፈተናው ብቻ ነው። የኔን የታሪክ ትምህርት ማን ይሰማል?
ተማሪዬ ነፃነት የቤት ሥራዋን ስትሰጠኝ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣች ሦስት ዓመቷ።
"ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እኔ ቄስ ነኝ እንዴ? ዝም ብለሽ ስጪኝ!"
ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች... ሳቀች እንዴ?
እኔም ድሮ እንዲያ ነበር የምሰጠው። ለእንግዳ ውኃ ሳቀርብ አባባ "ክንድሽስ?" ይሉኝ ነበር። መቼ ተውኩት?

ዓርብ፣ ሜይ 15
የፈተና አስተባባሪው ናዳቭ የፈታኞችን ስም ለጠፈ። ሰኞ ረዳት ፈታኝ ነኝ። ያውም እኔ የተፈተንኩበት ክፍል! መስኮቱ ጋ ሦስተኛዋ ወንበር የኔ ነበረች። ያን ቀን አባባ ከፋብሪካ ፈቃድ ወስደው በር ላይ ሦስት ሰዓት ቆሙ። "ብቻዋን እንዳትሆን ነው" አሉት ዘበኛውን። ዘበኛው አማርኛ የት ይሰማና... ብቻ ወንበር አመጣላቸው።

ሰኞ፣ ሜይ 18

ዋናዋ ፈታኝ ሪቃ፣ ጡረታ የወጣች መምህር። እስከ መጨረሻው ሰላም ነበር። ነፃነት የፈተና ደብተሯን ልታስረክብ መጣች... ግራ እጇ ቀኝ ክርኗ ሥር። ሪቃ እጅጌዋን አፈፍ አደረገች።
"እዚህ ምን ደብቀሻል?"
ነፃነት መሬት መሬት አየች። ሪቃ ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። "ተሰርዟል" ብላ ከጻፈችበት ደብተሩ አይታረምም። የዓመት ልፋት ገደል ገባ።
እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ የተሰበሰቡትን ደብተሮች መቁጠሬን ቀጠልኩ። አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ ምን አገባኝ...
ከዚያ "ሪቃ፣ አክብራሽ እኮ ነው" አልኩ።
"ክርኗን ይዛ?"
"አዎ። ለምናከብረው ሰው እንዲህ ነው የምንሰጠው።"
"ሃያ ዓመት ስፈትን ማንም እንዲህ አልሰጠኝም።"
"እዚህ ስንመጣ ቶሎ ስለምንተወው ነው።"
ነፃነት እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች። ባዶ ክንድ። ሪቃ እስክሪብቶውን ከደነች። "በሰደር፣ እሺ።" ይኸው ነው።
ኮሪደሩ ላይ ነፃነት ቀስ ብላ፣ "መምህር፣ እንዳልሽኝ ልተወው ነበር። እጄ እንቢ አለኝ።"


ረቡዕ፣ ሜይ 20
የታሪክ ሥራቸውን መለስኩ። ለነፃነት ስሰጣት ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ። ፊቷ ቀላ። ኦሪኤል ከኋላ ወንበር፣ "መምህር፣ ክንድሽን አመመሽ እንዴ?"
"አሞኝ ነበር" አልኩት። "ዛሬ ተሻለኝ።"